የሸህ ሙስባህ መዘርጊያዎች

በዚያ ሳምንት ወፎች አንድ የሕግ መጽሐፍ ከመሃሉ በልተው ነበር። አፋፍ በምትባለው ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ማንንም አያስደነግጥም። ሁለተኛው እርከን ላይ የተዘራው ማሽላ ማሸት ሲጀምር ወፍ የሚያባርረው መሣሪያ ለግማሽ ቀን ተበላሸ፤ ተጠግኖ ሲመለስ ከምዕራፍ ሦስት እስከ አምስት የያዘው ዛላ ሁሉ ተራቁቶ አገዳው ብቻ ቆሟል። የንባብ ቤቱ ሠራተኞች ተነጫነጩ፣ ከመጠባበቂያው ጎተራ ሌላ ዘር ወጣ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ጣሃ ወሬውን ሲሰማ ወፎቹ ምናለ ሌላ መጽሐፍ በበሉ ብሎ ተመኘ። የትኛውን እንደሚመኝ አሳምሮ ያውቃል። ችግሩ ያ መጽሐፍ ገና አልተዘራም።

ጣሃ በንባብ ቤቱ ቁጥር ሰጪ ነው። የወረቀት ዋግ የሚባለው ሻጋታ ዓለምን ካዳረሰ ወዲህ አንድ የድሮ ገጽ አየር ካገኘው ሰባት ቀን አይሞላውም፣ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚገለጠው አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አንዱ ብዕር ተከታይ ይባላል፣ በመነፅር የጸሐፊውን ብዕር እግር በእግር እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው እየሰማ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በማሽላ ፍሬ ተፈጥሮ ውስጥ ይጻፋል፣ ማሽላውም ይዘራል። ገደሉ ወገብ ላይ በተንጠለጠለች ከተማ ለመጋዘን የሚሆን ቦታ የለም፤ እርከን ግን ሞልቷል። የፍሬዋ ሆድ ጠባብ ስለሆነ ሥዕል አይገባባትም። የገጾቹ ምስል በጊዜያዊ ማኅደር ይቆይና መጽሐፉ ተነብቦ ሲጸድቅ ይጠፋል።

በጣሃ ፊት የምትቀመጠው ብዕር ተከታይ ሰኪና ነበረች፣ ካገባት አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሚስቱ።

የዐረብ ፊደል ለቁጥር ሰጪ ፈተና ነው ይባላል፤ ለጣሃ ጨዋታው ነበር። አንዱ ፊደል በቃል መጀመሪያ ሌላ፣ መሃል ላይ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ፣ ብቻውን ሲቆምም ሌላ መልክ አለው። ጀማሪ ለአራቱ መልክ አራት ቁጥር ሊሰጥ ይቃጣዋል። ጥንት የተደነገገው ግን ለአንድ ፊደል አንድ ቁጥር ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር እያጋጠመ መልኩን የሚስለው ቁጥሩን መልሶ የሚያነበው መሣሪያ፣ ማንበቢያው፣ ነው። ጣሃ ይህን ሕግ ከልቡ ይወደው ነበር። የጸሐፊው እጅ ያምር አያምር፣ ቀለሙ ይድመቅ ይደብዝዝ፣ ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ቁጥር ፊት መቆነጃጀት አይሠራም።

የሸህ ሙስባህ መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ብሎ በሰላም ኖሯል።

መጽሐፉ ከታችኛው እርከን ሰዎች የመጣ የመንዙማ ጥራዝ ነው፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ አጀሚ የሚሉት። ሸህ ሙስባህ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የጻፉት ነው። በዐረብኛ ለሌለው ለ«ጨ» ሦስት ነጥብ እየጣሉ፣ ሲደክማቸው ኅዳጉ ላይ የራሳቸውን ጉዳይ እየጫሩ ነው የጻፉት። «ቀለሜን ፍየል ደፋችብኝ፤ የፍየሏ ባለቤት እኔው ነኝና ማንን ልክሰስ» ይላል አንዱ ኅዳግ። ሰኪና ይህን ስታነብ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጣሃም አብሮ ሳቀ። ያኔ መጽሐፉ በተገለጠ በሁለተኛው ቀን ነበር፣ ነገሩ ገና አልገባውም።

ነገሩ የገባው ሰኪና ስለ ሰውየው አጠራሯን ስትለውጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ሸኹ እንዲህ አሉ» ትል ነበር። ወር ሳይሞላ «እሱኮ» ማለት ጀመረች። ምሳ ላይ፣ ወደ ቤት በሚያወርዳቸው የገመድ ቅርጫት ውስጥ፣ ልብስ ስታጣጥፍ እንኳ «እሱኮ ዝናብ አይወድም፣ ዝናብ በጣለ ቀን ፊደሎቹ ይኮሳተራሉ» ትላለች። ጣሃን ራሱን «እሱ» ለማለት ከተዋወቁ በኋላ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

በሞተ ሰው መቅናት ሞኝነት ነው ብሎ ራሱን ይገሥጽ ነበር። ተግሣጹ እስከ ጠዋቱ ሥራ መጀመሪያ ድረስ ብቻ ይዘልቃል። ከዚያ ሰኪና መነፅሯን ታጠልቃለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ቅናቱም ይመለሳል። ይባስ ብሎ ሸኹ የሚመታ አካል የላቸውም። ቢኖር ኖሮ ጣሃ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ከማንም ጋር ተጋፍቶ የማያውቀው ሰው፣ አንድ ቀን ሳይለይለት አይቀርም ነበር።

ከሁሉ የባሰበት መዘርጊያው ነው። በዐረብ ጽሕፈት ጸሐፊ ሲፈልግ በሁለት ፊደላት መካከል መስመሩን ጎትቶ ያስረዝመዋል። ይህ ርዝማኔ ፊደል አይደለም፣ ድምፅ የለውም፣ ቃሉንም አይለውጥም። ሆኖም የቀደሙት ሰዎች ለእሱም ቁጥር ሰጥተውታል፤ በንባብ ቤቱ መዘርጊያ ይባላል። ሸህ ሙስባህ በመዘርጊያ አይሰስቱም። ሰኪናም ብዕሩን ተከትላ ስትሄድ መስመሩ በተጎተተበት ሁሉ ድምፅዋ አብሮ ይጎተታል፣ አንዳንዴም ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ፈገግታ ብልጭ ይላል።

«እጁ አይቸኩልም» አለችው አንድ ቀን። «የሚወደው ቃል ላይ ሲደርስ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ጣሃ በአፋፍ ከተማ ፈጣኑ ቁጥር ሰጪ ነበር። በዚህ ተሸልሟል። የሽልማቱ ጽሑፍ ቤታቸው በር ላይ ተሰቅሏል፣ ሰኪናም በየጊዜው አቧራውን ትጠርግለታለች። ያን ቀን ፍጥነቱ ሁሉ እንደ ነውር ታየው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መዘርጊያ ቁንጥጫ ሆነበት። ድምፅዋ ቀስ ባለ ቁጥር ጣቱ ቁጥሩን ይመታል፣ ልቡ ግን ቦታውን ይይዛል። ስድስተኛው ገጽ ላይ «ናፍቆት» የሚለው ላይ ሁለቴ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ «ደጅህ» ላይ፣ ረጅም፣ ከፈገግታ ጋር። በቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ ገደሉን ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ እያንዳንዱን ቦታ በጥርሱ ያላምጠዋል። ተበድያለሁ ብሎ የሚያምን ሰው በደሉን የሚይዘውን ያህል አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም፣ ጣሃም እንደዚያ ያዘው።

መጽሐፉ በሦስተኛው ወር አለቀ። ቀሪው መልስ ንባብ ነበር። ይህ ሥርዓት ከቤቱ ሕግ ሁሉ የከበረው ነው። ቁጥር ሰጪው ከቁጥሩ መልሶ ያነባል፣ ብዕር ተከታዩ ምስሉን እያየ ያዳምጣል፣ ገጹ ትክክል ሲሆን «ደረሰ» የሚለውን ማኅተም ይመታል። የድሮ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ለአድማጭ እያነበቡ ነበር የሚያጸድቁት፤ ሸህ ሙስባህ በየጥቂቱ ገጽ ኅዳግ ላይ «እስከዚህ አነበብኩላት» ብለው ምልክት አድርገዋል።

ሰኪና ምሳዋን እየበላች «መልስ ንባቡን ቀስ ብለን እናድርገው» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ በእሱ አካሄድ መስማት እፈልጋለሁ። ሲያልቅ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ጣሃ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። በእሱ አካሄድ! ያውም በገዛ ባሏ አፍ!

በማግስቱ ሰኪና ለቅሶ ለመድረስ ወደ ታችኛው እርከን ወረደች። ማኅተሟ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከባሏ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ጣሃ በሩን ዘጋ። ለነጋዴዎች ደብዳቤ፣ ለሕግ መጽሐፍና ለመሳሰለው የፍሬ ቦታ ለመቆጠብ ድምፅ አልባ ቁጥሮችን ማጥፋት የተፈቀደ ነው። ለመንዙማ ግን ብዕር ተከታዩ ካልፈቀደ ክልክል ነው። በአንድ ትእዛዝ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ መዘርጊያዎች ጠፉ። ከዚያ በእሷ ማኅተም የመቶ ሃምሳውንም ገጽ «ደረሰ» መታ። ምስሎቹ ወዲያው ተሰረዙ። ወረቀቱማ ቀድሞውኑ ዱቄት ሆኗል።

ድካም ላቀልላት ብዬ ነው አለ ለራሱ። ውስጡ ግን እንዳሰበው አልበረደም።

ዘሩ ከመዘራቱ በፊት የመጽሐፉ ባለቤቶች መጥተው መስማት መብታቸው ነው። እማማ ዚያዳ የመጡት ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰኪና ከለቅሶ ቤት በተመለሰችበት ማለዳ ነው፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ድቤያቸውን በነጠላ ጠቅልለው። በወጣትነታቸው መንዙማውን የሚያወርዱት ወንዶቹ ነበሩ፤ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ድቤ ይመቱ ነበር። ቃሉን አያውቁትም፣ ምቱን ግን እጃቸው ያውቀዋል። ቃሉን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። በሸህ ሙስባህ መጽሐፍና በእማማ ዚያዳ እጅ መካከል የቀረ ሰው የለም።

ማንበቢያው ቁጥሮቹን ወደ ድምፅ እየለወጠ ማንበብ ጀመረ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ድቤውን መቱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ምቱ ጠፋቸው። እንደገና ሞከሩ። ቃሉ ጥሏቸው ይሄዳል። ድቤው ገና ሊያርፍ ሲል ስንኙ አልቆ ሌላው ተጀምሯል።

«ይሄን ሰውዬ ከኋላው የሚያሳድደው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ሰኪና ተነሥታ ቁጥሮቹን ከፈተች። ፊደሎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፣ አንድ አልጎደለም። በመካከላቸው ግን አንድም መዘርጊያ የለም። ምስሎቹን ጠየቀች፤ ተሰርዘዋል። የማን ማኅተም እንደሆነ ጠየቀች፤ የእሷ ነው። ቀኑን አየች።

«ጣሃ» አለች ዞር ሳትል፣ «እኔ ያን ቀን ለቅሶ ቤት ነበርኩ።»

ጣሃ ድካሟን ስለማቅለል ያዘጋጀውን ተናገረ። ሲናገረው ለራሱም አስጠላው። ስለ መዘርጊያዎቹ ስትጠይቀው ያንኑ ደገመላት። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ ይህ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። ወንበሯን ሳበችና ማንበቢያው መዘርጊያዎቹን ገምቶ እንዲመልስ አዘዘች። መሣሪያው መዘርጊያን የሚያውቀው ስንኞችን ለማስተካከል ነው፤ እያንዳንዱን ስንኝ ቁመቱ እኩል እስኪሆን ጎተተው። ሲታይ ያምራል። እማማ ዚያዳ ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

የእርሻ ክፍሉ ዘሩን የሚጠብቀው እስከ ሐሙስ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ደግሞ እማማ ዚያዳ አይተማመኑበትም፣ እሳቸውም ይህን ያለ ምንም ሐዘን ነገሯቸው።

ጣሃ ሰኪና ታስታውስ እንደሆነ ጠየቃት። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ያነበበው ዓይኗ እንደሆነ፣ ምስሉ አለ ብላ በልቧ እንዳልያዘችው ነገረችው። አንድ ሁለት ቦታ ታስታውስ ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ግን ከየት ይመጣል?

ጣሃ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ሁሉም ጥርሱ ውስጥ አሉ። ለመናገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደከረመ መግለጥ ሊኖርበት ነው። ለአፍታ ዝም ማለት ታየው፤ መጽሐፉ ይሙት፣ ሰውየውም ለሁለተኛ ጊዜ ይሙት፣ እኔም ልረፍ አለ በሆዱ። አሮጊቷ ድቤያቸውን መልሰው በነጠላው መጠቅለል ሲጀምሩ አየ። ቋጠሮውን የሚያስሩት ጣቶች አልታዘዝ ብለዋቸው ነበር።

«ይቆዩ፣ እማማ» አለ። «እኔ አውቃቸዋለሁ።»

መልስ ንባቡ በዚያው ሰዓት ተጀመረ። ጣሃ ቁጥሮቹን ፊቱ አድርጎ ያነባል፣ ድምፁን በጎተተበት ሁሉም የመዘርጊያውን ቁጥር ይመልሳል፤ ሰኪና ምስሎቹ ይታዩበት በነበረው፣ አሁን ግን ባዶ በሆነው መስተዋት ፊት ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ እማማ ዚያዳ በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታሉ። የጣሃ ድምፅ ለመንዙማ አልተሠራም። ቢሆንም ስድስተኛው ገጽ «ናፍቆት» ላይ ደርሶ ቃሉን ጎተተው፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ጎተተው፤ የአሮጊቷም ጣት ሁለቱንም ጊዜ ልክ በቦታው አረፈ። ሰኪና ቀና አለች። አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ደጅህ» እሷ በጎተተችው ልክ ተጎተተ፣ ድምፁ ሳይታወቀው የእሷን ዜማ ይዞ።

ሃያኛው ገጽ ላይ አስቆመችው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ካንቺ ነዋ» አለ ጣሃ። ጠረጴዛውን እያየ ቀጠለ። «ድምፅሽ ቀስ ያለበትን ቦታ ሁሉ አውቀዋለሁ። ፈገግ ያልሽበትንም አውቀዋለሁ። በሰውየው ቀንቼ ነው። ያጠፋሁትም ቀንቼ ነው።»

እማማ ዚያዳ ጆሯቸው እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አስቂኝ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ መሣሪያ ያልያዘውን፣ ማኅደሩም ማሽላውም ያልያዘውን የያዘው የአንድ ሰው ቅናት ሆኖ ተገኘ። በፍቅር ያነበበችው ረስታዋለች፤ በጥላቻ የሰማው አንድም አልጣለም።

«ቀጥል» አለች ሰኪና።

ቀጠለ። ገጽ በገጽ «ደረሰ» እየተመታ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደረሱ። በዚያ ገጽ ወደ ታች፣ «ወንዝ» የሚል ተራ ቃል አለ። ጣሃ ይህን ቦታ ከሁሉ አብልጦ ያስታውሰዋል፤ ያን ቀን ድምፅዋ ከምንጊዜውም በላይ ዘግይቶ ነበር፣ ከዚያም ጨርሶ ቆሞ ነበር፣ እሱም ያን ቀን ምሳውን መብላት አቅቶታል። ቃሉን እንደዚያው ጎተተው።

የአሮጊቷ ጣት ቀድሞት ሄደ። ቆመው አዳመጡ፣ እንደገና እንዲያነብላቸው ጠየቁት፣ አሁንም ጣታቸው ቀደመው።

«ይቺ የኛ አይደለችም» አሉ።

ጣሃ እርግጠኛ መሆኑን ተናገረ። ሌላውን ሁሉ ቢጠራጠሩ ይህን ሊጠራጠሩ እንደማይገባ፣ በዚህ ቃል ላይ ሰኪና እስትንፋሷ እስኪያልቅ መቆየቷን፣ ቁጥሩንም በራሱ እጅ መምታቱን ነገራቸው። ወደ ሰኪናም ዞሮ እንድትመሰክርለት ለመናት።

ሰኪና ወደ እማማ ዚያዳ ሰረቅ አድርጋ አየች። ፊቷ ቀላ።

«መጽሐፉ ላይ እዚህ ጋ መዘርጊያ አልነበረም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መነፅሬን አውልቄ ነበር። አንተ አንገትህን ደፍተህ፣ ምላስህን ከንፈርህ ጫፍ ላይ አውጥተህ ቁጥር ትመታ ነበር፤ ሥራ ሲበዛብህ የምታደርገውን። እሱን እያየሁ ነው የቆየሁት።»

ሦስት ወር ሙሉ ጣሃን ከቁንጥጫዎቹ ሁሉ በጣም ያመመው፣ ለሌላ ሰው ነው ብሎ ምሳ ያስተወው፣ የራሱ ነበር። ሊያዝን ነው ወይስ ሊደሰት አላወቀም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት።

«የሰረዝከውን አልረሳልህም» አለች ሰኪና። «ይህን እወቅ። ማኅተሜን አንሥተህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቁጥሩ ግን አሁንም ጣሃ ፊት ነበር፣ የሸህ ሙስባህ ያልሆነው መዘርጊያ፣ ከሁለት ፊደላት መካከል። በሕጉ መጥፋት አለበት። ጣሃ ሊያጠፋው ጣቱን አነሣ፤ ሰኪና እማማ ዚያዳን አየች። የመጽሐፉ ባለቤት እሳቸው ናቸው፣ ውሳኔውም የእሳቸው ነው።

አሮጊቷ ለጥቂት ጊዜ አሰቡ። ከዚያ በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መቱ፣ ጠበቁ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ጊዜ ሰጥተው ጠበቁ፣ ከዚያም መቱ።

«ድቤው ይችለዋል» አሉ።

ሰኪና «ደረሰ» መታች።

ጣሃ ወደ ቀጣዩ ገጽ ከማለፉ በፊት አንድ ነገር አሰበ። «እስከዚህ አነበብኩላት» ይላል ኅዳጉ። ለማን? ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጣ የነበረችው ማን ናት? ከቀሩት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ መዘርጊያዎች መካከል ስንቱ የመንዙማው፣ ስንቱ እሷን እያየ የቆየበት እንደሆነ አሁን የሚለይ ሰው የለም። እማማ ዚያዳም ቢሆኑ ምቱን የተማሩት እነዚያኑ መዘርጊያዎች ተከትለው ነው። በሰውየው ላይ የነበረው ቂም በዚያች ቅጽበት ከየት እንደሄደ ሳያውቀው ሄደ፣ በቦታውም የሥራ ባልንጀራ ያገኘ ያህል ተሰማው።

ገና መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ይቀራቸዋል። ሠላሳ ዘጠነኛውን ገለጠና፣ ሳይቸኩል፣ አነበበላት።